«ይህ ገና ነው፤ አይቀየርም» ያለኝ ብስክሌት ሠሪ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እዚህ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የብስክሌት መጠገኛ ቤት ያገኘሁትን መስተንግዶ ለአንባቢያን ለመንገር፣ እግረ መንገዴንም በከተማችን ስላለው የጥገና ሥራ የታዘብኩትን ለማቅረብ ነው። ደብዳቤው እንዳይረዝም ብዙ ባስብበትም ጉዳዩ ከዝርዝሩ ተነጥሎ የሚገባ ስላልሆነ፣ የፔዳልና የሰንሰለት ወሬ እንዳበዛሁ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

እኔ በከተማችን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬም ከ40 አልፏል። ብስክሌቷ የልጄ ነበረች። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግድግዳ ላይ አስደግፏት ሄደና ከወራት በኋላ አቧራዋን ስጠርግ፣ ከሰፈሬ እስከ ሥራ ቦታዬ በየቀኑ ለባጃጅ የማወጣውን ገንዘብ አሰብኩ፤ ሰው ሳይነሳ በማለዳ እየወደቅሁ እየተነሳሁ ተለማመድኩ፤ አሁን ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ኮምቦልቻ ለዚህ የምትመች ከተማ ናት። ደሴ ከእኛ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ግርጌ ሽቅብና ቁልቁል ስለሆነች፣ እዚያ ብስክሌት ከሚነዳው የሚገፋው ሳይበዛ አይቀርም፤ የእኛ ግን አብዛኛው ሜዳ ነው። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ሥራ ከጀመረ ወዲህም ጠዋትና ማታ በፈረቃ የሚመላለሰው ሠራተኛ ቁጥር ቀላል አይደለም። ስለዚህ የብስክሌት ጥገና የልጆች መጫወቻ ጉዳይ ተደርጎ ባይታይ ደስ ይለኛል፤ እኔ ብስክሌቴ ከቆመች በማግሥቱ ሥራ የምገባው አርፍጄ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት የኋላው ጎማ መተንፈስ አበዛ፤ የግራው ፔዳልም ስረግጠው ይወዛወዝ ጀመር። መጀመሪያ የወሰድኳት ስሙን ወደማልጠቅሰው፣ ለመንገዴ ቅርብ ወደሆነ መጠገኛ ነበር። በር ላይ የነበረው ወጣት ብስክሌቷን አየና «እናቴ፣ ባለቤቱ ይምጣና ያነጋግረን» አለኝ። ባለቤቷ እኔ ነኝ ስለው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምክንያቱም አባባሉ በሁለት በኩል የሚፈታ ነውና የትኛውን ባለቤት እንደጠየቀኝ እርግጠኛ አልነበርኩም። ሳቁ ግን እዚያው አበቃ። «ለአሥር ሰዓት ይደርሳል» የተባለው ሥራ በማግሥቱም አልደረሰም፤ በሦስተኛው ቀን ስሄድ ጎማው ተለጥፎ፣ ፔዳሉ ግን ከነበረበት ብሶ ጠበቀኝ። የተሰጠኝ መልስ «ክንዱ አልቋል፤ ጥርሱም፣ ዘንጉም፣ ሁለቱም የፔዳል ክንዶች ሙሉው ይቀየራል» የሚል ነበር። የተጠየቅሁት ገንዘብ ልጄ ብስክሌቷን በገዛበት ዋጋ ላይ ሲታሰብ የሚያስደነግጥ ነው። ምኑ እንዳለቀ እንዲያሳየኝ ብለምነው «ቢያዩትስ ምን ይገባዎታል?» አለኝ። ክፉ ልጅ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ያቺ አነጋገር ከገንዘቡ ይልቅ ከነከነችኝ። የጎማውን ከፍዬ ብስክሌቷን እየገፋሁ ወጣሁ። ጎማው በማግሥቱ ተነፈሰ።

ሁለተኛውን ቤት የጠቆመችኝ በፈረቃ የምትሠራ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቤቱ ቤት ለማለት ያስቸግራል፤ በቆርቆሮ የተከለለች፣ ሁለት ብስክሌት ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚያድርባት ክፍል ናት። ስደርስ ባለሙያው የአንድ ተማሪ ልጅ ጎማ እየነፋ ነበር። ቀና ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና «አብሽሩ እናቴ፣ ይቺን ልጨርስና እመጣለሁ፤ ልጁ ክፍል እንዳይረፍድበት ነው» ብሎ ሣጥን ጠርጎ አስቀመጠኝ። ተራዬ ሲደርስ በመጀመሪያ ያነሳው መፍቻ አልነበረም፤ ደብተር ነው። ቀኑን፣ ስሜን፣ «የኋላ ጎማ ይተነፍሳል፤ ግራ ፔዳል ይወዛወዛል» ብዬ የነገርኩትን እንዳለ ጻፈና፣ ከካርቶን በተቆረጠች ቁራጭ ላይ ቁጥር ጽፎ መሪው ላይ በክር አሰረ፤ ያንኑ ቁጥር በሌላ ቁራጭ ለእኔ ሰጠኝ። የንብረት ሰው ያለ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ዕቃ ሲገባ፣ ያለ ወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 ሲወጣ ያመዋል፤ ስለዚህ ያቺን የካርቶን ቁራጭ ሳይ ልቤ ምን ያህል እንዳረፈ የሙያ ባልደረቦቼ ይረዱኛል።

ቀጥሎ ኮርቻው እንዳይፋቅ ከሥሩ ጆንያ አንጥፎ ብስክሌቷን ገለበጣትና «ይምጡ፣ አብረን እንየው» አለኝ። የግራውን ፔዳል በጣቱ ብቻ አውጥቶ የክንዱን ቀዳዳ በስልኩ መብራት አሳየኝ፤ ከዚያም ጣቴን እንዳስገባ ነግሮኝ፣ ሊዳሰስ የሚገባው የብሎን ጥርስ፣ እነሱ ፊሌቶ የሚሉት፣ ግማሹ ተልጦ እንደለሰለሰ በራሴ ጣት አረጋገጥኩ። እንዴት እንደተበላ ሲያስረዳኝም ከግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ክንድና ፔዳል አውርዶ በእጄ እንድሞክረው ሰጠኝ። ብሎን ሁሉ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል ብለን የምናውቀው በብስክሌት የግራ ፔዳል ላይ አይሠራም፤ ሲነዱት እየላላ እንዳይወጣ ፊሌቶው በተቃራኒው የተቆረጠ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲያጠብቀው ይላላበታል፤ የላላው ደግሞ አልያዘ ብሎት ነው ብሎ በጉልበት አጣሞ ሲያስገባው የክንዱን ፊሌቶ ይልጠዋል። በእኔ ብስክሌት ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። ማን እንዳደረገው ግን አልጠየቀኝም፤ እኔ ስሙን ልጠራ ስል «ተዉት እናቴ፣ እኔም ስጀምር አንድ ሁለት ልጬ ነው የተማርኩት» አለኝ።

እንግዲህ ክንዱ መቀየሩ አልቀረም። ነገር ግን የሚቀየረው የግራው ክንድ ብቻ እንደሆነ፣ መካከለኛው ዘንግና ኩሽኔታው ደህና እንደሆኑ ክንዱን ይዞ ወደ ጎን እየነቀነቀ አሳየኝ። ክንድ ብቻውን በሱቅ ስለማይገኝ ከአሮጌ ብስክሌት የወጣ እንዳለው፣ ያገለገለ መሆኑንና ዋጋውንም ሥራው ሳይጀመር ነገረኝ፤ «አዲስ ሙሉውን ከፈለጉ ደሴ ያገኙታል፤ እኔ ግን አያስፈልግዎትም ባይ ነኝ» አለ። ሙሉው ይቀየራል ከተባልኩበት ገንዘብ ጋር ሲተያይ የከፈልኩት አንድ ስድስተኛውን እንኳ አይሞላም።

የጎማው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። ካላማዳሪውን፣ ማለትም የውስጡን ጎማ፣ አውጥቶ ነፋና ውኃ በሞላው ሳፋ ውስጥ ክፍል በክፍል እያጠለቀ ሲያዞረው፣ አንድ ጊዜ ከተለጠፈው ቀዳዳ አንድ ጣት ያህል ርቆ አረፋ ብቅ አለ። አዲስ ቀዳዳ ነው ብዬ ዕድሌን ልከስ ስል፣ እሱ ካላማዳሪውን ትቶ ውጭኛውን ጎማ አነሳና ጣቱን በውስጡ በኩል ቀስ እያለ ያዞር ጀመር። ዙሩ ሳያልቅ ቆመና በፒንሳ ስቦ አንዲት የግራር እሾህ አወጣ፤ ከውጭ ጫፏ ተሰብሮ አትታይም፤ ከውስጥ ግን እንደ መርፌ ቆማ ነበር። ቀዳሚው ጠጋኝ ቀዳዳውን ለጥፎ እሾሁን እዚያው ትቶት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጎ፣ ማስቲሹን ቀብቶ፣ ወዲያው ሳይለጥፍ ቁጭ አለ። ለምን እንደሚጠብቅ ስጠይቀው «እርጥብ ሳለ ከተለጠፈ ዛሬ ይይዛል፣ ነገ ይለቃል» አለኝ። በዚያች የማስቲሽ መድረቂያ ጊዜ ውስጥ ሻይ አስመጣልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። እስካሁን የተናገርኩት ሙያውን ነው፤ ሙያ ያለው ሰው ደግሞ በከተማችን ሞልቷል። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ክንዱን ላስቀይር ከመጣሁ አይቀር ብዬ የፍሬኑን ጎማና ሰንሰለቱንም አብሮ እንዲቀይርልኝ ጠየቅሁት። ልጄ አንድ ክረምት ከጓደኞቹ ጋር ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶባት የፍሬኑ ጎማ ሸተተ ብሎኝ ስለነበር ያለቀ መስሎኛል። ሰውዬው ገንዘብ ይዤ ለቆምኩት ሰው «እሺ» ማለት ይበቃው ነበር። እሱ ግን የፍሬኑን ጎማ በጥፍሩ እየነካ «ይህ ገና ነው፤ አይቀየርም። ይህን መስመር ያዩታል? መስመሩ ሲጠፋ ይምጡ» አለኝ። ለሰንሰለቱም ከኪሱ ማስመሪያ አወጣ። ከአንዱ ፒን ጀምሮ 12 ሙሉ ሙሉ ቀለበት (ጠባቡና ሰፊው አንድ ላይ እንደ አንድ ተቆጥሮ) ሲለካ፣ አዲስ ሰንሰለት 30 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል እንደሚመጣ፣ እያለቀ ሲሄድ እንደሚረዝም፣ 30.8 ከደረሰ ደግሞ የሚዞርበትን ጥርስ መብላት ስለሚጀምር በጊዜ መቀየሩ ጥርሱን እንደሚያተርፍ ነገረኝ። የእኔው 30.6 ነበር። ማስመሪያውን ለእኔ ሰጥቶ ራሴ እንድለካ አደረገኝ፤ ልኬቱንም ከነቀኑ በደብተሩ ላይ ጻፈው።

ክቡር አዘጋጅ፣ እኛ ተራ ደንበኞች የጥገና ሥራን መመዘን አንችልም። ጨርቅ ስንገዛ ዳብሰን፣ ጤፍ ስንገዛ ዘግነን እናያለን፤ መጠገኛ ቤት ስንገባ ግን ዓይናችን የሚያየው ጥቁር እጅና ግራሶ ብቻ ነው፤ አልቋል ከተባልን አልቋል ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ መልካም መስተንግዶ የሚባለው ፈገግታውና ሻይው ሳይሆን (ሻይው ደስ ብሎኛል፤ አልክድም) የተበላሸውንና ያልተበላሸውን ለይቶ ማሳየት፣ ዋጋውን ከሥራው በፊት መናገር፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለሙያው የተበላውን ክንድና እሾሁን ሳይቀር በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጥቶኛል። እሾሁን ቢሮዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ስለ ቀጠሮም አንድ ነገር ልበል። የሄድኩበት ቀን ዓርብ ነበርና ክንዱ እስኪገጠም «ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ» አለኝ። እኔ በቀድሞው ልምዴ አሥር ሰዓት ይሆናል ብዬ ስምንት ተኩል ላይ ስደርስ፣ ብስክሌቷ ከነካርቶን ቁጥሯ በር ላይ ቆማ፣ እሱም በመንገዱ ላይ ሁለት ዙር ነድቶ ሞክሯት አገኘሁት። ያረፈድኩት እኔ ሆንኩ።

በሕግ በኩል ያለውን ነገር ብዙዎቻችን ስለማናነበው ነው እንጂ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለጠየቀ ብቻ ለመግዛት ያለመገደድ፣ በማንኛውም ነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ደንግጓል። «ቢያዩትስ ምን ይገባዎታል?» የሚለው መልስ እንግዲህ ነውር ከመሆኑም በላይ ከሕጉ ጋር የሚጣላ ነው። ለ50 ብር ልጣፊ አዋጅ መጥቀስ ያስቃል የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጎማ ለማስለጠፍ ጠበቃ ይዘን እንሂድ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በየቀኑ የሚሰጠው ትንንሽ አገልግሎት ላይ ያልለመድነውን አክብሮት ትልቁ ላይ ከየት እናመጣዋለን?

ለጠጋኞቹም ወገን መቆም ይገባል። ባለሙያው ሁለት ካላማዳሪዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳይቶኛል፤ ማሸጊያቸውና ጽሑፋቸው አንድ ሆኖ፣ አንደኛው ሲዘረጋ ወጥ ውፍረት አለው፤ ሌላኛው ቫልቩ አካባቢ እንደ ፊኛ ይሳሳል። ሁለተኛውን «ኦሪጅናል» ብሎ የሸጠለት ነጋዴ እንደሆነና፣ ደንበኛው ሲፈነዳበት የሚሰደበው ግን እሱ መሆኑን እየሳቀ ነገረኝ። ከዚህም በላይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ብዙ ሱቅና ብዙ መሥሪያ ቤት ባዶውን እንደቀረ የሚታወስ ነው። የእሱም መፍቻዎች አብረው ሄደው ነበርና፣ ሲመለስ በአንድ ፒንሳና በተውሶ መንፊያ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ነው የጀመረው። ዛሬ ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ በቀለም ተስሎ፣ መፍቻው በቅርጹ ላይ ተሰቅሏል፤ አንዱ ከጎደለ ባዶው ቅርጽ ይጮኻል። እኔ በምሠራበት መጋዘን ይህን ለማስለመድ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አልናገርም።

ከዚህ ተነስቼ ለሚመለከታቸው ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የዋጋ ዝርዝር እንዲለጠፍ በሱቆች ላይ የሚያደርገውን ክትትል ወደ መጠገኛ ቤቶችም ቢያሰፋው፣ ቢያንስ የልጣፊ፣ የፍሬንና የራጂ (የጎማው ሽቦዎች) ማስተካከል ዋጋ በር ላይ ተጽፎ ቢታይ፣ ደንበኛውም ጠጋኙም ከክርክር ያርፋሉ። ሌላው የሥልጠና ጉዳይ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን አውቶሞቢል ያስተምራሉ፤ ብስክሌት ግን ከወንድም ወይም ከጎረቤት እየታየ የሚለመድ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቶ እግረኛንና ብስክሌተኛን ለማበረታታት ተነስቷል፤ መልካም ነው። ሆኖም መንገዱ ቢሠራ፣ ብስክሌቱም ቢገባ፣ የግራ ፔዳል ወደየት እንደሚዞር የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ ከሌለ ብስክሌቱ እንደ ልጄ ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል። የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና እንኳ ያን የመጀመሪያውን ወጣት ከስሕተቱ ባዳነው ነበር፤ የእሱን ቤት ስም የደበቅሁትም ጥፋቱ ያለማስተማራችንም ጭምር ስለሆነ ነው።

የሁለተኛውን ስም ያልጻፍኩት ግን በራሱ ጥያቄ ነው። ለጋዜጣ ልጽፍ እንደሆነ ስነግረው «ምስጋናዎ ደርሶኛል፤ ስሜን ግን አያውጡብኝ። ብቻዬን ነኝ፤ አሁን ያለውን ወረፋ በቀጠሮው ማድረስ ካቃተኝ እርስዎ ያመሰገኑትን ነገር አጣዋለሁ» አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼ አድራሻውን ሲጠይቁኝ ግን በጆሯቸው እነግራለሁ፤ ይህን እሱም አልከለከለኝም።

ባለፈው ሳምንት ሰንሰለቱን በራሴ ማስመሪያ ለካሁት፤ 30.7 ሆኗል። ከመስቀል በኋላ እወስዳታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከኮምቦልቻ